ግድግዳችሁ ከስር ውሃ እየሳበ ነው? ከቀለም ብሩሽ በፊት ዶማ አንሱ

ደሴ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ይህችን ነገር በደንብ ያውቃታል። ክረምቱ ወጥቶ ቤት ሲጸዳ፣ አልጋው ወይም ሶፋው ከግድግዳው ፈቀቅ ሲል፣ ከስር ቀለሙ አብጧል፣ ልስኑ ይፈረፈራል፣ ነጭ ጨው መሳይ ነገር ወለሉ ላይ ተራግፏል። ቀለም ቀቢ ይጠራል። ይፋቃል፣ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ይቀባል። ለገና ያምራል። ነሐሴ ላይ ያው ነው። በየዓመቱ እንዲህ የሚወጣው ብር ቢጠራቀም ችግሩን ከነሥሩ ይነቅለው ነበር።

ሁሉም ገንዘቡን የሚያፈሰው ግድግዳው ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ የሚመጣው ከውጭ፣ ከመሬቱ። ስለዚህ እዚህ ላይ ግድግዳውን የምንነካው ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ከሞላ ጎደል ዶማ፣ አካፋ፣ ጠጠርና ቆርቆሮ ነው። የምጽፈው ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት ነው። ጂቡቲና ምጽዋ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ቤት ላላቸው ወገኖችም ወደ ታች የተለየ ነገር አለ፤ እዚያ ጨው ጠባዩን ይቀይረዋልና።

ውሃው ለምን ወደ ላይ ይወጣል?

ድንጋዩም፣ ብሎኬቱም፣ ሸክላውም፣ ጭቃውም ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ከቆመ፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ከአንድ ሜትር ተኩል ማለፉ ብርቅ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ውሃው ባዶውን አይወጣም። ከአፈሩ ጨው ይዞ ይወጣል፣ በተለይ አጠገቡ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም የከብት በረት ካለ። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ቀለም ሲላጥ የምታዩት የዚህን ጨው ሥራ ነው። ከጨዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ከአየሩ ራሱ እርጥበት ይጠጣሉ። ጉም በዋለበት ቀን መሬቱ ደርቆ ሳለ ግድግዳው የሚያልበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ጦሳ ተራራ ስር፣ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ቤት የሚሠራው ተዳፋቱ ተቆርጦ ነው። የጀርባው ግድግዳ አፈር ተደግፎት ይቆማል። ከላይ የዘነበው ሁሉ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ መጥቶ እሱ ላይ ያርፋል። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የምታገኟት፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ ሜዳ የሚበዛባት ናት። እዚያ ውሃው አይወርድባችሁም፤ መሄጃ አጥቶ ይተኛባችኋል። ቦርከና ወንዝ ዳርና ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ደሴ ውስጥ ውሃውን ከላይ መጥለፍ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ መውጫ ማበጀት ይቀድማል። አንዱን ከተማ ያየ ግንበኛ ሌላው ላይ ያንኑ ሲሠራ ዝም አትበሉት።

ደረጃ 1፦ በሽታውን ለዩት

እርጥበት ሁሉ ከመሬት አይመጣም። አራት ዓይነት አለ፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ምልክቱ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሜትር በታች ላይ እንደ መስመር ሆኖ ከቆመ፣ ከመስመሩ በላይ ግድግዳው ደህና ከሆነ፣ ከስር የሚሳብ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከታየ ወይም ኮርኒሱ ጥግ ላይ ከሆነ ጣራውንና አሸንዳውን ጠርጥሩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክብ ሆኖ በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧ ነው። ጥቁር ሻጋታ ሆኖ ቁም ሳጥን ጀርባና የክፍሉ ጥግ ላይ ከተኛ፣ ጨው ከሌለው፣ እሱ የቤት ውስጥ ትንፋሽና እንፋሎት ነው።

ካልለየላችሁ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ፎይል ወይም ላስቲክ አንድ ክንድ ያህል ቁረጡና ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በደንብ አሽጉት። ሁለት ቀን ተዉት። ስትነቅሉት ጀርባው፣ ማለትም ወደ ግድግዳው ያለው ፊት፣ ከረጠበ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ፊቱ፣ ወደ ክፍሉ ያለው፣ ከረጠበ ከቤቱ አየር ነው። ለቧንቧው ደግሞ ቆጣሪ አለላችሁ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ ቁጥሩን ጻፉት፣ ጠዋት አንድም ሰው ሳይከፍት እዩት። ከተቀየረ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህን ውሃ ባለበት ሌሊት አድርጉት፣ አለዚያ ትሸወዳላችሁ።

የእንፋሎቱን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ደሴ ብርድ ናት። ክረምት ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ፣ ከሰል ተጭሶ፣ ሽሮ እየተንተከተከ ይዋላል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ጉሙ ከተገለጠ በኋላ ረፋዱ ላይ ፊትና ኋላ መስኮት ለ15 ደቂቃ ያህል ክፈቱ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት አርቁት። ከሰሉን ደግሞ ለሻጋታውም ሳይሆን ለነፍሳችሁ ስትሉ ከመኝታ ክፍል አውጡት፤ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ሻጋታውን በበረኪና ማጽዳት ይቻላል፣ ብቻ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትደባልቁት። መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ደረጃ 2፦ የጣራውን ውሃ ሰብስቡ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባገኘው ቀን 1,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። አንድ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ብዙው ሐምሌና ነሐሴ ላይ። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ የራሱ መሠረት ላይ ነው የሚያፈሰው። ከዚያ ቤቱ ለምን ረጠበ ይባላል።

አሸንዳ ግጠሙ። በየሜትሩ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል። መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ሥር እንዳይጨርስ፤ ወይ ሮቶ ውስጥ ይግባ ወይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ ቦይ ውስጥ ይውደቅ። ሮቶ ካላችሁ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ የት እንደሚሄድ እዩ። ብዙ ቦታ ሮቶው ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ፣ ማታ ውሃ ሲመጣ ሞልቶ፣ እስኪነጋ እዚያው ሲፈስ ያድራል። በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን ከቅጠል አጽዱት። በተለይ ባሕር ዛፍ ያለበት ግቢ።

ለአንዳንድ ቤት ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። የምር። ስለዚህ ይህን ሠርታችሁ አንድ ክረምት ብታዩት አይቆጫችሁም።

ደረጃ 3፦ የውጩን መሬት ዝቅ አድርጉ

ውጭ ያለው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ዞር ብላችሁ ለኩት። አሮጌ ቤት ላይ ብዙ ጊዜ እኩል ሆኖ ወይም ውጩ በልጦ ነው የምታገኙት። አፈር በየዓመቱ ይወርዳል፣ አመድና ጥራጊ ይጣላል፣ መንገዱ ኮብል ስቶን ሲነጠፍ ደጁ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ይቀበራል።

ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዛቁ። እዚያ የተደረደረ ማገዶ፣ አሸዋ፣ አሮጌ ብሎኬት ካለ አንሱት። ጤና አዳሙና ጌሾው ግድግዳው ሥር ተተክሎ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ወደ አጥሩ ይዛወር። እማማ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ በዘዴ ንገሯቸው። የእጅ መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ቦታም እንዲሁ።

ከዚያ በቤቱ ዙሪያ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ወይም የድንጋይ ንጣፍ ይሠራል፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ። በሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ሊሾው ስር ያለው አፈር ቀድሞውኑ ከረጠበና ውሃው ከላይ ከተዳፋቱ እየሰረገ ከሆነ፣ ሊሾ ብቻውን መተንፈሻውን ዘግቶ እርጥበቱን ወደ ግድግዳው ያባብሰዋል። ለደሴ ተዳፋት ቤት ደረጃ 4 ይቀድማል።

ደረጃ 4፦ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ጥለፉት

የደሴ ቤት ዋናው ሕክምና ይህ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን በቀን ሠራተኛ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ከተማ ድረስ የሚያስኬድ ኬሚካልም አይፈልግም።

ቤቱን ከዳገቱ በኩል እዩት። ከግድግዳው ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ርቃችሁ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ ከቤቱ ወለል በታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረድ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን በጭራሽ አይውረድ። መሠረቱ የት እንደሚያልቅ ካላወቃችሁ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዩት። የድሮ ቤቶች መሠረት አንዳንዴ ከምታስቡት በላይ አጭር ነው። ቦዩን በአንድ ቀን ከጫፍ ጫፍ አትክፈቱት። ሁለት ሁለት ሜትር እየቆፈራችሁ፣ እየሞላችሁ ሂዱ። ክረምት ላይ ደግሞ በፍጹም አትጀምሩት፤ ዳገቱ ይናዳል፣ ሠራተኛ ይቀብራል።

የቦዩ ወለል በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ መውጫው ይዘቅዝቅ፤ ሁለት ከሆነ ይመረጣል። በዓይን አትገምቱ፣ ገመድ ዘርጉና በውሃ ልክ ለኩ። አሁን ወለሉ ላይ አንድ ጋት ጠጠር አንጥፉ፣ ለኮንክሪት የሚሆነው 02 የሚባለው ጥሩ ነው። በላዩ የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይቀመጥ፣ በመሰርሰሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተበሳበት። ቀዳዳው ወደ ታች ይሁን። ሠራተኛው ውሃ ከላይ እንዲገባ ብሎ ወደ ላይ ሊገለብጠው ይሞክራል፤ ወደ ላይ ከሆነ ደለል ይሞላዋል፣ ከታች የሚነሳው ውሃ ደግሞ ዝቅ ባለ መጠን ቶሎ ይገባል። ቱቦውን በጠጠር ሸፍኑት፣ እስከ ላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሙሉት። ጠጠሩና አፈሩ መሃል ጂኦቴክስታይል የሚባለው፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ቢገባ ዕድሜው ይረዝማል። ካላገኛችሁ ቢያንስ የአፈሩ ፊት ላይ ደረቅ ሸካራ አሸዋ ይግባ። የመጨረሻውን 15 ሴንቲ ሜትር በተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር ዝጉት፤ ከላይ የሚሮጠው ጎርፍ እዚህ እንዲገባ አንፈልግም። ለጎርፉ ሌላ ክፍት ቦይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሲሚንቶ የተገረፈ ይሠራለታል።

ውሃው የት ይውጣ? ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ወደ መንገዱ ቦይ ወይም የውሃ መውረጃ ወዳለበት ቱቦ ይሂድ። ገደል አፋፍ ላይ አትልቀቁት፤ ደሴ ላይ የመሬት መንሸራተት ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም፣ አፋፍ ላይ የተለቀቀ ቱቦ ደግሞ ራሳችሁ የቆማችሁበትን ይበላዋል። ከታች ያለ ጎረቤት ግቢም ውስጥ አትልቀቁት። የላይኛው ጎረቤት የሚለቅባችሁ ከሆነ ደግሞ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸውና ግድግዳውን አሳዩአቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ውሃ አንድ ላይ ወደ መንገዱ ብናወጣት» ብላችሁ ግማሹን ወጪ ስትችሉ፣ ቀበሌ ከመመላለስ በርካሽና በቶሎ ያልቃል። እምቢ ካሉ ሽማግሌ፣ ከዚያ ቀበሌ።

ግቢያችሁን የያዘ የድጋፍ ግንብ ካለ ቀዳዳዎቹን እዩ። በየአንድ ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የውሃ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ቀዳዳ የሌለው ወይም የተደፈነ ግንብ ውሃ አቁሮ ሆዱ ይነፋል። ሆዱ የተነፋ ግንብ ካያችሁ እርጥበቱን ተዉትና መሐንዲስ ጥሩ።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ላላችሁ፣ ቦዩ ያው ነው፣ መውጫው ግን ላይገኝ ይችላል። ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ማበጀት አንዱ መንገድ ነው፤ ዋልካ አፈር ላይ ግን ውሃው ስለማይሰርግ ጉድጓዱ ሞልቶ ይመለስባችኋል። እዚያ ያለው ምርጫ የቤቱን ዙሪያ በገረገንቲ አንስቶ ወደ መንገዱ ማዘንበል ነው፣ ከቤቱ ወለል በታች እስከሆነ ድረስ። ወለሉ ራሱ ከመንገዱ ዝቅ ካለ ግን ወለሉን ማንሳት ነው፣ ሌላ ነገር አትድከሙ።

ደረጃ 5፦ ጠብቁ

ውጩ ካለቀ በኋላ ውስጥ ያለውን የረጠበ ልስን ብቻ አንሱ፤ ምልክቱ ከቆመበት መስመር ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በመሮና መዶሻ እስከ ድንጋዩ ወይም ብሎኬቱ ድረስ። የወጣውን ፍርስራሽ ከግቢ አውጡት፣ ጨው የጠጣ ነውና መልሳችሁ ደጅ እንዳትደለድሉት። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጠርጉ። በውሃ አትጠቡት። ውሃ ጨውን አሟሙቶ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

አሁን የሚያስቸግረው ነገር መጣ። ግድግዳ በዝግታ ነው የሚደርቀው። የተለመደው ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ስምንት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ባዶ ሆድ ስለሆነ ሊፈጥን ይችላል። ግማሽ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ከዓመት ይበልጣል። እንግዳ በተላጠ ግድግዳ ማስተናገድ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ በተለይ በዓል ሲመጣ። መጋረጃ ቢጤ ስቀሉበት፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ። ዋናው ነገር አትቸኩሉ። ሳይደርቅ የተለሰነ ግድግዳ ሥራውን ሁሉ ከዜሮ ያስጀምራችኋል። ሲደርቅ የፎይሉን ሙከራ ድገሙት።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ቁፋሮው ጥቅምት ላይ ይጀመር። ወሎ ላይ የበልግ ዝናብ ስላለ ከየካቲት በኋላ ያለው በጋ አስተማማኝ አይደለም። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የእናንተ ናቸው።

ደረጃ 6፦ በሚተነፍስ ነገር ለስኑ

ግንበኛው «ወፈር አድርገን በሲሚንቶ እንድፈነው፣ ዋተር ፕሩፍም እንጨምርበት» ይላችኋል። እንቢ በሉ። ከውስጥ የተደፈነ ውሃ አይጠፋም፣ ከድፍኑ በላይ ይወጣል። ሴራሚክ መለጠፍም፣ ፒቪሲ ፓነል ማልበስም፣ የዘይት ቀለምና ኳርትዝም ያው ናቸው። ይሸፍኑታል፣ ጀርባቸው ላይ ሻጋታ ያረባሉ፣ ውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ብቅ ይላል። ጄሶ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይላሽቃል።

የሚሻለው ኖራ ነው። አንድ እጅ የታሸገ የተቃጠለና የጠፋ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲል ሁለተኛው ይደረብ። በአንድ ጊዜ እንዳይደርቅ ለጥቂት ቀን እርጥብ ጆንያ አንጠልጥሉበት ወይም ውሃ እርጩት። ለብሎኬት ቤት ትንሽ ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ ይሆናል። ልስኑ ወለሉን እንዳይነካ፤ ከታች ሁለት ጣት ክፍተት ተዉና በእንጨት ክፈፍ ሸፍኑት። ወለል ሲታጠብ ውሃ የሚስበው በዚያች መገናኛ ነው። ኖራ ስትነኩ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ውሃ እያፈሰሳችሁ ታጠቡና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከዚያ ቀለሙ። ኖራውን እንደ ቀጭን ወተት በውሃ በጥብጡና ሦስት አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንዳንዱ እንዲይዝ ብሎ ጨው ይጨምርበታል። ከጨው ጋር ስንታገል ከርመን ጨው ልንቀባ ነው? ይቅር።

የጭቃ ቤት ከሆነ

ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያም ሆነ ሆጤ ገባ ብላችሁ ብታዩ የጭቃ ቤት አሁንም ሞልቷል፣ ክፋትም የለውም። ክፋቱ የሚመጣው በሲሚንቶ ሲገረፍ ነው። ጭቃው ይተነፍስ የነበረው ይታፈናል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ እርጥብ እንጨት ደግሞ ምስጥ ይወዳል። የሲሚንቶው ግርፍ ከውጭ አምሮ ይቆማል፣ ቋሚው ግን መሬት በገባበት ቦታ አልቋል። በቢላዋ ወይም በሚስማር ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቋሚውን ውጉት። ያለ ችግር ከገባ በስብሷል።

የበሰበሰውን ቋሚ አንድ በአንድ፣ ጣራውን በድጋፍ እንጨት እያስያዛችሁ፣ የታችኛውን ክፍል ቆርጣችሁ በድንጋይ ግንብ ላይ አሳርፉት። በቤቱ ዙሪያ ከታች ግማሽ ሜትር ያህል የድንጋይ ግንብ ከተደረገ እንጨቱም ጭቃውም ከመሬት ይላቀቃል። ግንቡ ላይ እንጨቱ የሚያርፍበት ቦታ ወፍራም ላስቲክ ወይም በሬንጅ የተነከረ ነገር ይግባ። ምርጊቱ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ለቀናት የቦካ ጭቃ ይሁን፣ በላዩ ኖራ።

መርፌ የሚባለው ነገርስ?

ግድግዳውን ከስር በመሰርሰሪያ በስቶ ውሃ የሚገፋ ክሬም መርጨት አለ። ከውጭ መሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሞርታሩ (በማያያዣው) መስመር ላይ፣ በየ12 ሴንቲ ሜትር፣ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቶ ይሞላል። ለተስተካከለ የሸክላ ግድግዳ ይሠራል። የእኛ የድንጋይ ግድግዳ ግን መሃሉ በፍርስራሽና በጭቃ የተሞላ ስለሆነ ክሬሙ የት እንደሚሄድ አታውቁትም፤ ብሎኬት ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ከዳገት በጎን የሚመጣን ውሃም አያቆምም። ቦዩን ሳትሠሩ ለዚህ ብር አታውጡ።

ግድግዳ ከስር በመጋዝ ቆርጦ ላስቲክ ማስገባት የሚባለውን ደግሞ እዚህ አገር አልመክርም። ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ ያፈረሰ ነው። ከስር የተቆረጠ ግድግዳ እንዲህ ባለ ቦታ አያስተኛም።

ገና ለምትሠሩ

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ ለጥቂት ብር ትገላገሉታላችሁ። የመሠረቱ ግንብ ወይም ግሬድ ቢሙ (መሠረቱ ላይ የሚፈሰው የኮንክሪት ማሰሪያ) ካለቀ በኋላ፣ የመጀመሪያው ብሎኬት ከመደርደሩ በፊት፣ ወፍራም ላስቲክ ወይም የሬንጅ ንጣፍ በግድግዳው ሙሉ ስፋት ይዘርጋ። ከውጭ መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ መገጣጠሚያው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ወለሉ ስር 25 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ተደርድሮ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት። የወለሉና የግድግዳው ላስቲክ ይገናኙ። ሥራው ሲሠራ ቁሙ። ላስቲኩን ረስቶ ብሎኬት የሚደረድር ግንበኛ ብዙ ነው፣ ከተሸፈነ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም።

ባሕር ጠረፍ ላይ ላሉ

ኮምቦልቻ የጂቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች ሹፌርም ነጋዴም እዚያ ዘመድ አለው፣ ጥያቄውም ይመጣል። እዚያ ዝናብ ጥቂት ነው፣ ግድግዳ ግን ይረጥባል። መሬቱ ስር ያለው ውሃ ጨዋማ ነው፣ ነፋሱም ጨው ያመጣል። የምግብ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ይጠጣና ይሟሟል፤ ሲቀንስ መልሶ ይጠጥራል። ጠረፍ ላይ አየሩ ይህን መስመር ወዲያና ወዲህ ይሻገራል፣ ግድግዳው በተሻገረ ቁጥር ይፈረፈራል። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከባሕር ድንጋይ፣ ከኮራል፣ ስለተሠሩ ጨው ከመጀመሪያውም አላቸው።

እዚያ ቦይ መቆፈር ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ጨውን ማውጣት ነው። የተጎዳውን ልስን አንስታችሁ ደካማ የኖራ ልስን ለስኑ፣ ጨውን ጠጥቶ ሲረግፍ አንስታችሁ ድገሙት። ልስኑ የተለሰነው ሊያልቅ ነው፣ ድንጋዩ እንዲተርፍ። የባሕር አሸዋና ጨዋማ ውሃ ለሞርታርም ለኮንክሪትም አትጠቀሙ፤ ብረቱን ዝገት ይበላዋል።

ወደ ደሴ ስንመለስ፣ ቦዩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና መውጫ ቱቦውን እዩት። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚፈስ ከሆነ ቦዩ ከዳገቱ ውሃውን እየጠለፈ ነው። ጭራሽ ካልፈሰሰ ወይ ቅልቁለቱ ተበላሽቷል ወይ ቦዩ ከውሃው መንገድ በላይ ቀርቷል፤ ጥቅምት ሲመጣ ከመውጫው ጀምራችሁ እየከፈታችሁ ፈልጉት።